አፋቤት ላይ የቀሩትን የሚያስታውስ የቀድሞ ሠራዊት አባል አለ? አባቴን እፈልጋለሁ

የደሴዋ፦

ሰላም ለሁላችሁ፣ በተለይ ለቀድሞው ሠራዊት አባቶቼ። አባቴ በደርግ ጊዜ ኤርትራ ውስጥ በነበረው ጦር፣ ናደው ዕዝ ውስጥ ነበር። መጋቢት 1980 አፋቤት በሻዕቢያ ከተያዘች ወዲህ ስለሱ የሰማነው ነገር የለም። ያኔ እኔ ገና ሕፃን ነበርኩ፤ የማውቀው ሁሉ እናቴ የነገረችኝን ነው። የመጨረሻው ደብዳቤው የደረሰን በጥር ነው። ለጥምቀት ፈቃድ ጠይቆ እንዳልተሳካለት፣ ለፋሲካ ግን ሊመጣ እንደሚችል ጽፏል። ከመጋቢት በኋላ ደብዳቤው ቆመ። ተቆራጩ ግን ለጥቂት ወራት ይመጣ ስለነበር እናቴ «ደመወዙ ካለ እሱም አለ» እያለች ተጽናናች። ከዚያ እሱም ቀረ። ለምን እንደቀረ የነገራት ሰው የለም። ቢሮ ለቢሮ ስትንከራተት አንዱ «ግዳጅ ላይ ነው» ይላታል፣ ሌላው «ስሙ እዚህ የለም» ይላታል። 1983 መጣና የምትጠይቀው ቢሮም ጠፋ።

መርዶ የነገረን የለም። ለቅሶ አልተቀመጥንም። ፍትሐት አልተደረገለትም። እናቴ አሁን አርጅታለች፣ ጤናዋም ጥሩ አይደለም። በቅርቡ «እኔ ሳልሞት ቁርጡን ልወቅ» አለችኝ። ዘመዶቻችን ለሁለት ተከፍለዋል። ግማሹ ፎቶውንና ልብሱን አውጥተን ለቅሶውን እንቀመጥ፣ ተዝካሩንም እናውጣ ይላል። ግማሹ ደግሞ ሞቱን ያየ ሰው ሳይኖር እንዴት ተብሎ፣ በቁሙ መቅበር ነው ይላል። እናቴ በሁለቱ መሀል ሆና ታለቅሳለች።

እማማ የምታስታውሰው 19ኛ ክፍለ ጦር የሚለውን ብቻ ነው። ብርጌዱን አታውቅም። ስሙን እዚህ አደባባይ ላይ መጻፍ አልፈልግም፣ ለሚፈልግ በውስጥ መስመር እሰጣለሁ። ጥያቄዬ፣ እንዴት ነው አንድ ሰው እንዲህ ያለ ወሬ የሚጠፋው? ከየት ብጀምር ይሻላል? ደግሞ እናንተ የተረፋችሁት፣ የቀሩትን ጓደኞቻችሁን እንዴት ነው የምታስቧቸው?


አሥር አለቃ ዘናደው፦

ልጄ፣ እኔ ከ19ኛ አልነበርኩም፣ ግን እዚያው ናደው ውስጥ ነበርኩ። የማውቀውን ሳላለባብስ እነግርሻለሁ፤ አንዳንዱ ይከብዳል።

ሰው የሚመስለው ወታደር ሲወድቅ ጓደኛው ያየዋል፣ አለቃው ይመዘግበዋል፣ ሪፖርቱ ወደ ላይ ይሄዳል፣ ቤተሰቡ ይነገረዋል ነው። በአዘቦቱ ቀን እውነትም እንደዚያ ነበር። ናቅፋ ፊት ለፊት ምሽግ ውስጥ ኮቾሮ እየበላን፣ ውሃ በጀሪካን በትከሻ እያመላለስን ዓመታት ስንቀመጥ የወደቀውን እናነሳ ነበር። ስሙ ይያዛል፣ ዕቃው ይጠቀለላል፣ ኪሱ ውስጥ ያለው ፎቶና ደብዳቤ ለብቻው ይቀመጣል። መጋቢት 8 ንጋት ላይ የተጀመረው ውጊያ ግን ከዚያ ሁሉ የተለየ ነበር። በሦስት አቅጣጫ ነው የመጣብን፣ በጥቂት ቀናት ውስጥ ዕዙ ሙሉ በሙሉ ፈረሰ። መዝጋቢውም፣ ሪፖርት ተቀባዩም፣ ምስክር የሚሆነው ጓደኛም አብረው ነው የሄዱት። መዝገቡ ራሱ አፋቤት ቀርቷል። እንዲህ ነው ወሬ የሚጠፋው።

ሌላም አለ። ከወር በፊት፣ የካቲት ላይ፣ አዛዣችን ብርጋዴር ጄኔራል ታሪኩ ዓይኔ በመንግሥቱ ኃይለ ማርያም ትዕዛዝ ተረሽነው ነበር። ግንባሩን የሚያውቁ፣ ሠራዊቱም የሚያውቃቸው ሰው ነበሩ። ከዚያ በኋላ ማን ማንን እንደሚያዝ ግራ የገባው ሠራዊት ነው ጥቃቱን የተቀበለው። በዚያ ላይ በብሔራዊ ውትድርና የመጡ ልጆች ነበሩ፤ አንዳንዶቹ ገና መድረሳቸው ስለነበር የጓድ መሪያቸው እንኳ ስማቸውን በደንብ አልያዘም። የነሱ ነገር እስከ ዛሬ ያንገበግበኛል። የሚያውቃቸው ሰው ሳይኖር ነው የሞቱት።

ወደ ኋላ ስናፈገፍግ ዓድ ሽሩም የሚባል ጠባብ የተራራ በር አለ። የ29ኛ ሜካናይዝድ ብርጌድ ታንክና ካሚዮን በሰልፍ ሲወጣ የፊተኛው ተመታና መንገዱ ተዘጋ። ወደ ፊት የለም፣ ወደ ኋላ የለም። መሣሪያው ለሻዕቢያ እንዳይተርፍ ተብሎ የራሳችን አውሮፕላኖች መጥተው ደበደቡት። በካሚዮኖቹ ላይ ቁስለኛ ነበር። ከሌላ ክፍል የተጫነ፣ ሹፌሩ ስሙን የማያውቀው ቁስለኛ። እዚያ ስንት ሰው እንደቀረ ቆጥሮ የያዘ የለም። እኛ በእግር የወጣነው ሌሊት ሌሊት እየተጓዝን በመስሓሊት በኩል ከረን ገባን። ከረን ላይ ስም ተጠራ። «አቤት» ያላለው ሁሉ፣ የሞተውም የተማረከውም የቆሰለውም፣ በአንድ ተርታ ተጻፈ። አባትሽም በዚያ ተርታ ውስጥ ያለ ይመስለኛል።

ስለዚህ ከሁለት አንዱ ነው። ወይ ምሽጉ ላይ ወይ መንገዱ ላይ ወድቋል፣ ወይ ተማርኳል። የተማረከው ብዙ ሺህ ነው። ሻዕቢያ በተለያየ ጊዜ ምርኮኞችን በሱዳን በኩል ይለቅ ነበር። የኛ መንግሥት ደግሞ ምርኮኛ አለብኝ ብሎ አይናገርም፣ ተለቅቆ የመጣውንም በጥርጣሬ ነው የሚያየው። በዚህ ፍርሃት አገር ሳይገባ ሱዳን የቀረ ሰው አውቃለሁ። ግን ልጄ፣ በከንቱ ተስፋ እንድትንጠለጠዪ አልፈልግም። በሕይወት ያለ አባት በዚህ ሁሉ ዘመን ልጁን የሚጠይቅበት አንድ መንገድ አያጣም ብዬ ነው የማምነው።

አሁን ወደ ፍለጋው። አንድ ነገር ልንገርሽ፣ ብዙ ቤተሰብ የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው። በመዝገብ ስሙ ብቻ አትጠይቂ። ግንባር ላይ የምንጠራራው በቅጽል ስም ነበር፤ ወይ በትውልድ አገሩ፣ ወይ በመልኩ፣ ወይ በሥራው። አንድ ምሽግ ውስጥ ሦስት ዓመት አብሬው ኖሬ የአባቱን ስም የማላውቀው ሰው አለ፤ ቅጽል ስሙን ከጠራሽልኝ ግን ሳቁን ሁሉ ነው የማስታውሰው። እናትሽን ጠይቂያት። በደብዳቤው ላይ ጓደኞቹ ምን እያሉ እንደሚጠሩት ጽፎ ነበር? ሥራው ምን ነበር? መትረየስ፣ ሞርታር፣ መገናኛ፣ ሕክምና፣ ስንቅና ትጥቅ? ማዕረጉስ? በደብዳቤው ውስጥ የሚያነሳቸው ጓደኞች እነማን ናቸው? ከሱ ይልቅ ጓደኛውን ማግኘት ሊቀልሽ ይችላል። ፎቶ ካለ ጀርባውን እይው፣ ያኔ ሁሉም ሰው ፎቶ ጀርባ ላይ ይጽፍ ነበር።

እንዴት ታስቧቸዋላችሁ ላልሽው፣ እኛ የተረፍነው ጥቂቶች በየዓመቱ በመጋቢት እንገናኛለን። አንድ ደብተር አለን። የእያንዳንዱን ስም፣ ቅጽል ስም፣ አገሩን፣ መጨረሻ የታየበትን ቦታና ያየውን ሰው እንጽፋለን። «ሞተ» ብለን የምንጽፈው ዓይናችን ያየውን ብቻ ነው። ስንገናኝ ስማቸውን አንድ በአንድ እንጠራለን፤ ክርስቲያኑም እስላሙም በየእምነቱ ይጸልያል። ከዚያ ስለነሱ እናወራለን፣ ማን ይዘፍን እንደነበር፣ ማን ለእናቱ ደብዳቤ ማስጻፍ ያበዛ እንደነበር። በየዓመቱ የምንቀንሰው እኛ ነን። ለዚህ ነው የሚያውቀውን ይዞ ዝም ያለ የሠራዊት አባል ሁሉ እንዲናገር የምለምነው። ቤተሰቡን አሳዝናለሁ ብሎ ዝም የሚል አለ። ዝምታው እኮ ነው ሠላሳ ምናምን ዓመት ሙሉ በር በር ሲያሳያቸው የኖረው።

አንድ ልመና ደግሞ ለሌሎቻችሁ። ከዚህ በታች ስለ ደርግና ስለ ሻዕቢያ ክርክር እንዳትከፍቱ። ይህች ልጅ የጠየቀችው አባቷን ነው።


የኦጋዴን ዘማች ልጅ፦

እህቴ፣ ስለ ለቅሶው የምለው አለኝ። የኛ አባት 1970 ላይ በሶማሊያ ጦርነት ተማረከ። እኛ ግን መማረኩን አላወቅንም። በውጊያው እንደሞተ አንድ ሰው ነግሮን ለቅሶ ተቀመጥን፣ ተዝካሩም ወጣ። ነሐሴ 1980 ላይ አባቴ በሕይወት ተመለሰ። ከአሥር ዓመት በላይ እስር ቤት ቆይቶ ነው። ያኔ በቀይ መስቀል በኩል ከሦስት ሺህ በላይ ኢትዮጵያውያን ናቸው የተመለሱት። አብራሪው ለገሰ ተፈራም ከነሱ አንዱ ነበሩ፣ ስማቸውን ብዙዎቻችሁ ታውቁታላችሁ።

ይህን ሳስብ ሁልጊዜ አንድ ነገር ይገርመኛል። መንግሥቱና የሶማሊያው መሪ ዚያድ ባሬ የተስማሙት መጋቢት 25 ቀን 1980 ነው፣ አፋቤት ከወደቀች ሁለት ሳምንት ግድም በኋላ። ደርግ የምሥራቁን ጦር ወደ ሰሜን ለማዞር ስለፈለገ ነው ለስምምነቱ የቸኮለው። ያንቺ አባት የጠፋበት ውጊያ ነው የኔን አባት ከእስር ያስወጣው ማለት ነው። ስለዚህ ያንቺን ጽሑፍ እንደ ሌላ ሰው ታሪክ ማንበብ አልቻልኩም።

ወደ ለቅሶው ልመለስ። አባቴ ሲመለስ ዘመድ ሁሉ «በቁምህ አለቀስንልህ» ብሎ አፍሮ ነበር። እሱ ግን «ማልቀሳችሁ ደግ ነው፣ የሚያስታውሰኝ ነበረ ማለት ነው» አላቸው። ቅር ያለው በሌላ ነገር ነበር። እዚያው እስር ቤት በበሽታና በረሃብ የሞቱ ጓደኞች ነበሩት፤ የቀበራቸው እሱና መሰሎቹ ናቸው። ሲመለስ ስለነሱ የጠየቀው ባለሥልጣን የለም። ስማቸውን በቃሉ ይዞ ነበርና በገዛ ገንዘቡ ጎጃምና ሐረር ድረስ ሄዶ ለቤተሰቦቻቸው መርዶ ነገረ። አንዷ እናት እግሩ ላይ ወድቃ አመሰገነችው ይላል፣ የልጇን ሞት ስለነገራት።

በኔ አስተያየት ለቅሶውን ተቀመጡ። እናትሽ ሰው ከቧት፣ ስሙ ተጠርቶ፣ ቄስ ጸልዮ ታልቅስ። ቢመለስ ደስታ ነው፤ የሚጎዳ ሰው የለም። ፍለጋውም አይቆምም።


የሕግ ሰው ከሐዋሳ፦

አጭር ነገር በሕጉ በኩል። የ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግ ስለ መጥፋት የሚደነግገው ክፍል አለው፣ ከአንቀጽ 154 ጀምሮ። አንድ ሰው ከጠፋ፣ ሁለት ዓመት ሙሉም ስለሱ ምንም ወሬ ካልተሰማ፣ ጥቅም ያለው ሰው ሁሉ፣ ሚስትም ልጅም፣ የመጥፋት ውሳኔ እንዲሰጥ ፍርድ ቤት መጠየቅ ይችላል። አቤቱታው የሚቀርበው ሰውዬው መጨረሻ ይኖርበት በነበረው ቦታ ላለው ፍርድ ቤት ነው። በውሳኔው ውርስ ይከፈታል፣ ጋብቻም ይፈርሳል። ሰውዬው ቢመለስ ደግሞ ሕጉ ንብረቱን የሚያገኝበትን መንገድ አስቀምጧል። ስለዚህ ወረቀቱ ሰውን በቁሙ መቅበር አይደለም።

ብዙ የዘማች ሚስቶች ይህን ሳያውቁ ቤትና መሬት በባል ስም እንደተቀመጠ አርጅተዋል። ሲጠየቁ «ባለቤትሽን ይዘሽ ነይ» ወይም «የሞት ማስረጃ አምጪ» ይባላሉ፤ ሁለቱም የላቸውም። ውሳኔው ለዚህ ነው የሚጠቅመው። ደብዳቤዎቹን፣ ተቆራጭ የተቀበላችሁበት ደረሰኝ ካለ እሱን፣ የጋብቻና የልደት ማስረጃ፣ የሚመሰክሩ ጎረቤቶች አዘጋጂ። ዋናውን ለማንም አትስጪ፣ ኮፒውን ብቻ።

በፍለጋው በኩል ደግሞ ቅርብሽ ያለው የኢትዮጵያ ቀይ መስቀል ማኅበር ቅርንጫፍ ሂጂ። በጦርነት የተለያዩ ቤተሰቦችን የሚያፈላልግ አገልግሎት አለው፣ ክፍያ የለውም። ፈጣን መልስ አትጠብቂ፤ ግን ጥያቄው በመዝገብ ይግባ።


የባድመው ዘማች፦

እኔ ከናንተ በኋላ የመጣሁ ነኝ፣ ከኤርትራ ጋር የተደረገው የ1990ው ጦርነት ዘማች። ጋሼ አሥር አለቃ የጻፉትን ሳነብ እኛም ጋ ያው እንደሆነ ገባኝ። እኛ ግንባር ላይ አንድ ኮረብታ በአንድ ቀን ሦስት ጊዜ እጅ ይለዋወጣል፤ የወደቀውን ሳታነሳ ቦታው የሌላ ይሆናል። ማታ ስትመለስ መሬቱ ራሱ ተለውጧል።

ኮሎኔል በዛብህ ጴጥሮስን ታስታውሳላችሁ። በግንቦት 1990 መጨረሻ አስመራ ላይ አውሮፕላኑ ተመትቶ ተማረከ። ለሁለተኛ ጊዜው ነበር፣ በደርግ ዘመንም ተማርኮ ያውቃል። በሕይወት መያዙ በዓለም ሁሉ ተሰማ። ጦርነቱን ከቋጨው የአልጀርሱ ስምምነት በኋላ በቀይ መስቀል አማካይነት ምርኮኞች ሲመለሱ ግን እሱ አልነበረም። እንዲህ ስሙ የታወቀ ሰው፣ ኮሎኔል፣ አብራሪ። ታዲያ ተራው ወታደር ምን ይባላል? ሐምሌ 2010 ላይ ሰላም ወረደ ሲባል እኔ የመጀመሪያው የጠበቅኩት የጠፉት ሰዎች ዝርዝር በሁለቱም በኩል ይወጣል ብዬ ነበር። የኤርትራ እናቶችም እኮ ይጠብቃሉ። እቅፍ ለእቅፍ ሲገናኙ ቴሌቪዥን ላይ አየን፣ በረራም ተጀመረ፣ ዝርዝር ሲወጣ ግን አላየሁም። ይህ ያበሳጨኛል፣ አሁንም።

በኮሪያ የዘመተው ቃኘው ሻለቃ ከ120 በላይ ሰው ሞቶበታል፣ አንድም ሰው ግን ተማርኮ አልቀረም። የሞቱት አፅማቸው ወደ አገር ተመልሶ ቅድስት ሥላሴ ካቴድራል ዐርፏል። ያ ሁሉ ባሕር ተሻግሮ። እና አይቻልም የሚለኝን ሰው አላምነውም። ሠራዊቱ ሰዎቹን ቆጥሮ መመለስ ይችል ነበር፣ አድርጎታልም።


አስመራ ያደግኩ (ቶሮንቶ)፦

እህት፣ 2011 ላይ በካናዳ ፓስፖርቴ አስመራ ሄጄ ነበር። ተወልጄ ያደግኩት እዚያ ነው። ታላቅ ወንድሜ እንዳንቺ አባት አፋቤት የቀረ ነው። ከአስመራ ውጪ ለመውጣት የጉዞ ፈቃድ ያስፈልጋል፣ ለከረን ሰጡኝ። ከከረን ወደ ላይ አልሄድኩም።

ከረን ላይ የእንግሊዞች የጦር መቃብር አለ። 1933 ላይ ከጣሊያን ጋር ሲዋጉ የሞቱ ናቸው። እያንዳንዱ ድንጋይ አለው፣ ስም አለው፣ ክፍሉና ዕድሜው ተጽፏል። ስሙ ላልታወቀውም ድንጋይ አለው። ሣር የሚያጭድ ሰው አለ። የኔ ወንድም ከዚያ ትንሽ ራቅ ብሎ ያለ ምንም ምልክት ነው ያለው። እዚያ ቆሜ ምን እንደተሰማኝ መጻፍ ይከብደኛል። የሚያረጅ እናት ይዛችሁ ባትሄዱ ይሻላል። የአካባቢው ሰዎች ግን ክፉ አይደሉም። አንድ ሽማግሌ ወንድሜን እንደምፈልግ ሲሰሙ ቡና አፍልተው፣ የራሳቸው ልጅም ከታጋዮቹ ወገን እዚያው ተራራ ላይ እንደቀረ ነገሩኝ። አብረን አለቀስን።

እኛ ቤት ለቅሶ ተቀምጠናል። ሬሳ ስለሌለ ዩኒፎርም የለበሰበትን ፎቶ ነው ያቆምነው። እናቴ ከዚያ በኋላ ሌሊት መተኛት ጀመረች።


የደሴዋ፦

ሁላችሁንም እግዚአብሔር ያክብርልኝ። ጋሼ፣ የጻፉትን ለእማማ አነበብኩላት። ዓድ ሽሩም የሚለው ጋ ስደርስ አቋርጬ ነበር፣ «ጨርሺው» አለችኝ። ከዚያ ደብዳቤዎቹን ሳጥኑ ውስጥ አውጥተን አየናቸው። ሬዲዮ ይሸከም እንደነበር ጽፏል፣ መገናኛ ማለት ነው መሰለኝ። ሁለት ደብዳቤ ላይ «መምህሩ» ብለው እንደሚጠሩት ይናገራል፤ ምሽግ ውስጥ ማንበብና መጻፍ የማይችሉትን ያስተምር ነበር። አንድ ፎቶ ጀርባ ላይ ደግሞ «ለማስታወሻ፣ ከረን፣ 1979» ይልና ከሱ ጋር የቆመው ሰው ስም አለ። ለቅሶው ጋ እማማ ተስማምታለች። ከፋሲካ በኋላ እንቀመጣለን። ቀይ መስቀልም ሰኞ እሄዳለሁ።


አሥር አለቃ ዘናደው፦

መገናኛ፣ መምህሩ፣ 19ኛ። ይህ ብዙ ነው ልጄ። በደብተሩ ላይ ጽፌዋለሁ። የ19ኛ መገናኛ የነበሩ ሁለት ሰዎች አዲስ አበባ አሉ፣ አንዱ ዓይኑ ስለማያይ ልጁ ነው የሚያነብለት። ዛሬ እደውላለሁ። ፎቶው ላይ አብሮት የቆመውን ሰው ስምና ፎቶውን ከፊትም ከኋላም አንስተሽ በውስጥ መስመር ላኪልኝ። የለቅሶው ቀን ሲቆረጥ ንገሪን፣ ደሴ መምጣት የምንችል እንመጣለን።


ከ19ኛ፦

ከዚህ በፊት ጽፌ አላውቅም፣ ልጄ ናት የምትጽፍልኝ። 19ኛ ነበርኩ። መምህሩ የሚባል የሬዲዮ ሰው በኛ ብርጌድ ነበር፣ የወሎ ሰው ነው፣ ረጅም። ያው እሱ ይሁን ሌላ ይሁን ፎቶ ሳላይ አልናገርም፣ ሰው በስህተት ማስለቀስ አልፈልግም። መጋቢት 9 ከሰዓት በኋላ ድረስ ድምፁን በሬዲዮ ሰምቻለሁ። ፎቶውን በአሥር አለቃው በኩል ላኪልኝ። እሱ ከሆነ የት እንደነበረና ከማን ጋር እንደነበረ እነግርሻለሁ፣ በስልክ ሳይሆን እናትሽ ባለችበት።